ፍኖተ ሐሊብ የምትባል ሴትዮ

ዛሬ ጠዋት ወተት ገነፈለብኝ። ምድጃው አጠገብ ቆሜ፣ ዓይኔን ድስቱ ላይ ተክዬ፣ «ዛሬስ አታመልጠኝም» እያልኩ እጠብቀው ነበር። መነጽሬን ለመጥረግ አንዴ ብቻ ዞር ብል ሽሽሽ አለና ነጩ ሁሉ በድስቱ ከንፈር ተንዠቅዥቆ ወረደ። ልጄ ከመኝታ ቤት ሆና፣

«አባዬ! ደግሞ አሳረርከው?» አለች።

«እኔ ምን አደረግኩት? ራሱ ነው የወጣው!» አልኳት።

ያረረ ወተት ሽታ ግን ውሸት አያውቅም። በኮሪደሩ አልፎ ጎረቤት ድረስ ሄዶ አጋለጠኝ። ጨርቅ ይዤ ልጠርግ ጎንበስ ስል፣ የፈሰሰው ወተት በጥቁሩ ምድጃ ላይ አንድ ረጅም ነጭ መንገድ ሰርቷል፤ ዳርና ዳሩ ላይ ደቃቅ ነጠብጣብ ተበትኗል። ጨርቁን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሳቄ መጣ።

«ወይዘሮ ፍኖተ፣ እንደምን አደሩ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ልጄ ይሄኔ «በቃ፣ ጃጀ» ብላ ሳትወስን አልቀረችም። አንተ ግን ቁጭ በልና ስማኝ፤ እኔ የጃጀሁት ዛሬ ሳይሆን ስምንተኛ ክፍል ነው።

አሁን የምታየው ራስ ያኔ ጎፈሬ ነበረው። በጎፈሬው ስር የነበረው ነገር ግን ያው ይሄው ነው፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ትምህርት ቤታችን እዚሁ ልደታ ነበር፤ ክፍሉ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ረጅም ቤት። ዝናብ ሲመጣ የጂኦግራፊ መምህራችን አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ብቻ ነበር የምናያቸው። ቀጭን ሰው ናቸው፤ ኮታቸው ላይ ሁልጊዜ የጠመኔ ዱቄት አለ። ወንዝና ተራራ ያስተምሩ ተብለው ቢቀጠሩም ልባቸው ያለው ቃል ላይ ነበር። አንድ ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፈው እንደ ብርቱካን ሲልጡት ክፍሉ በሙሉ ምራቁን ይውጣል።

በዚያ ሰሞን በስምንተኛ ክፍሎች መካከል የጥያቄና መልስ ውድድር ሊደረግ ነበር። ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ተማሪ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው። ከእኛ ክፍል አንደኛዋ ማን እንደሆነች ጥያቄ አልነበረውም፤ መስኮት ስር የምትቀመጠው ልጅ ናት። ሁለተኛው ደግሞ፣ ባታምነኝም፣ እኔ ነበርኩ። መምህሩ የመረጡኝ ፈጣን ስለሆንኩ ነው። ፈጣን ነበርኩ፤ ትክክል መሆን ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ ለውድድሩ ደንታም አልነበረኝ። ያቺ አግዳሚ ወንበር ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ከእሷ ጎን!

ልጅቷ የወሎ ሰዎች ልጅ ናት። ክፍል የምትገባው ከሁሉ ኋላ፣ የምትወጣው ከሁሉ በፊት ነው። ሻሿ ሁልጊዜ ንጹሕ፣ የጣቶቿ ጫፍ ከመታጠብ ብዛት የቀላ። ስታልፍ የሽታ ሳሙና ሽታ ከኋላዋ ይቀራል፤ እኔም እንደ ቡችላ አፍንጫዬን አንስቼ እከተለዋለሁ። ከማንም ጋር አትቀመጥም። እኔ ኩራት መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ዕለት መምህሩ ስለ ሰማይ ሲያስተምሩ «ጋላክሲ» ብለው ጻፉ። ከስሩ ደግሞ «ፍኖተ ሐሊብ»። ዞር ብለው፣

«ይኸኛው ምን ማለት ነው?» አሉ።

እጄ ጥያቄው ሳያልቅ ጣሪያ ነክቷል።

«ተነስ።»

«ፍኖተ ሐሊብ ሴት ናት፣ ቲቸር።»

«ምን?»

«የከዋክብት ተመራማሪ ናት። ፍኖተ ስሟ ነው፤ ሐሊብ አባቷ ናቸው።» ክፍሉ ጸጥ ሲል የጠቀምኩ መሰለኝና ጨመርኩበት። «በሕይወት ያሉ አይመስለኝም።»

«አባቷ ናቸው ወይስ እሷ?»

«ሁለቱም፣ ቲቸር።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ላለመስማት ጣሪያው ላይ ዝናብ ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ከወንበሩ ወደቀ ስልህ የምር ወድቆ ነው። ምን ላድርግ? በእኛ ሰፈር ፍኖተ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ሴትዮ ነበሩ፤ ሱሪዬን ያሳጠሩት እሳቸው ናቸው። ሰው እንደዚያ ተብሎ ከተጠራ፣ አባት ኖሮት ቢከተል ምኑ ይገርማል?

መምህሩ አልሳቁም። ዓይኖቻቸው ግን ውሃ ሞልተዋል።

«ፍኖት ግዕዝ ነው፤ መንገድ ማለት ነው» አሉ። «ሐሊብን አንተ ታመጣለህ። ጋላክሲና ፍኖተ ሐሊብ የት ላይ ዘመድ እንደሆኑ እስከ ዓርብ አጣርተህ ሰሌዳው ፊት ቆመህ ትነግረናለህ። ካልነገርከን ወንበርህን እሱ ይወስዳል።» ጠመኔያቸው የጠቆመው ከልጅቷ ኋላ ወደሚቀመጠው አፈኛ ልጅ ነበር። አፈኛው ገና ካሁኑ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሁሉ እግሩን አነባበረ። «ሌላ የሚያውቅ አለ?» አሉ መምህሩ ደግሞ።

ማንም የለም። ሁሌም እጇን የምታወጣው ልጅ ዴስኳን ታያለች።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሜ «የፍኖተ ባል» ሆነ። «ሠርጉ መቼ ነው?» ይለኛል አንዱ። «አማትህ አቶ ሐሊብ ተሻላቸው?» ይለኛል ሌላው። አብነት ሰፈር ድረስ ሸኝተውኛል፣ በዘፈን።

ወደ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አንዱን ቄስ ብጠይቅ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። ግን የቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ፊደሉን ሳልጨርስ አጥር ዘልዬ ያመለጥኩ ሰው ነኝ። የኔታ ከሐሊብ በፊት የድሮውን ሒሳብ በአለንጋ እንደሚያወራርዱ አውቃለሁ። በቤተ መጻሕፍቱ ትልቁ መዝገበ ቃላት ደግሞ ሁሌ ሰው እጅ ላይ ነው። በመጨረሻ አባቴን ጠየቅኩት።

«ሐሊብ... ሐሊብ...» አለ ጢሙን እያሻሸ። «ሐሊብ የሚባል ጨርቅ ነጋዴ ነበር። እሱን ነው?»

ከማን እንደወጣሁ ገባህ?

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እናቴ ጣሳ ሰጠችኝ። ወተት የምታመጣልን ሴትዮ ላሟ ነጥፋባታለች፤ ጌጃ ሰፈር ሌላ ቤት አለ ተብሎ ተነግሯታል። በጠባቡ መንገድ፣ በአናጢዎቹና በቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ መሀል፣ «ፍኖተ ሐሊብ፣ ፍኖተ ሐሊብ» እያልኩ ሄድኩ። ቃሉን ደጋግሜ ብጠራው የሚታክተውና ራሱ የሚናዘዝ መስሎኝ ነበር።

የቆርቆሮውን በር ገፋ ሳደርግ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ሞቃት ሽታ፤ የላም ትንፋሽ፣ እርጥብ ጭድ፣ እበት። የማታዋ ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳዎች ገብታ በረቱ ውስጥ እንደ ክር ተወጥራለች። በዚያ ብርሃን ውስጥ፣ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ የወንድ ቦቲ ጫማ ተጫምታ፣ ጥጃ በገመድ ይዛ የቆመችው እሷ ናት። የመስኮቷ ልጅ።

«አንተ!» አለች።

«አንቺ!» አልኳት። የመጣልኝ እሱ ብቻ ነው።

«ምን ልትሰራ መጣህ?»

«ወተት...» ጣሳዬን አሳየኋት።

ፊቷ ተለዋወጠ። ዝቅ ብላ ቦቲዎቹን አየች፤ ከዚያ ቀና አለችና በሹክሹክታ፣ «ለማንም እንዳትናገር» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ይሄን። ላም እንዳለን። ወተት እንደምንሸጥ። ማልልኝ።»

«እናቴ ትሙት» አልኩ። ሳሙናው፣ የቀሉት ጣቶች፣ ብቻዋን መቀመጧ፣ ሁሉም ያኔ ገባኝ። ፈጣን ነኝ ብዬህ የለ? በአንድ ዓመት ውስጥ ገባኝ።

«ማነው?» የሚል ድምፅ ከላሟ ሆድ ስር መጣ።

«ወተት የሚወስድ ልጅ ነው፣ አባ።»

«ግባ ልጄ፣ አብሽር፤ አትራገጥም።»

አባቷ ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያልባሉ። ነጭ ኮፍያ፣ ሽበት የገባበት ጢም፣ ረጃጅም እጆች። ወተቱ ባልዲው ውስጥ ጭር... ጭር... ይላል፤ አረፋው ሲወጣ ድምፁ እየወፈረ ይሄዳል። እኔም ሳላስበው ያንኑ ዜማ ተከትዬ «ፍኖተ... ሐሊብ... ፍኖተ... ሐሊብ» ማለቴን ቀጠልኩ።

«እንደ ዚክር የምትደጋግመው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ፍኖተ ሐሊብ ነው፣ አባባ። ምን ማለት እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው።»

እጃቸው ቆመ። «ሐሊብ? ጣሳ ይዘህ ሐሊብ ልትቀዳ መጥተህ፣ ሐሊብ ምንድን ነው ትለኛለህ?» ባልዲውን በሁለት እጃቸው አንስተው አፍንጫዬ ስር አደረጉት። አረፋው ይተነፍሳል። «ይሄው ሐሊብ!»

«ወተት?»

«ወተት! በአረብኛ ሐሊብ ወተት ነው።»

«ቲቸር ግን ግዕዝ ነው ብለዋል።»

«ይሁና! ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች አይደሉ እንዴ? ቆይ፣ አማርኛህን ልፈትነው። አሁን እኔ ምን እያደረግኩ ነው?»

«እያለቡ ነው።»

«ትናንትስ? ምን አደረገ ትላለህ?»

«አለበ።»

«በል ከፊቱ ሐመሩን ሐ አድርግበት።»

«ሐ...ለበ። ሐለበ! ሐሊብ!» ጮህኩ። አትራገጥም የተባለችው ላም ተራገጠች። ባልዲው ዘመም አለና ወተቱ መሬት ላይ ተረጨ፤ እሳቸው ባልዲውን አቅፈው ይስቃሉ፤ እኔ ይቅርታ መጠየቅ ረስቼ እዘላለሁ። አለበ፣ አላቢ፣ ማለብ፣ ሐሊብ! ከተወለድኩ ጀምሮ አፌ ውስጥ የነበረ ቃል እኮ ነው! እናቴ በየቀኑ የምትለው ቃል ተነስቶ ሰማይ ላይ ወጥቷል፤ እኔ ደግሞ አግብቼዋለሁ!

«ጋላክሲም እሱው ነው» አለ ቀጭን ድምፅ። ልጅቷ ናት፣ ከጥጃው ኋላ። «ግሪክ ነው። ወተታማ ማለት ነው። የወተት ክብ ይሉት ነበር፤ ከአንዲት አምላካቸው ጡት የተረጨ ነው ብለው።»

መዝገበ ቃላቱ ማን እጅ ላይ እንደከረመ ያኔ ገባኝ።

«ታዲያ አረቦቹ ሰማይ ላይ ያለውን ምን እንደሚሉት ታውቃላችሁ?» አሉ አባቷ፣ ባልዲውን አስቀምጠው። ዓይናቸው ያበራል፤ እንደ መምህራችን ዓይን። «ወተት አይሉትም። የጭድ ተሸካሚዎች መንገድ ነው የሚሉት። ጭድ ተራ አይታችሁ አታውቁም? ሰውዬው ተሸክሞ ሲሄድ ከኋላው እየረገፈ መንገዱን ሲያነጣው?»

ሦስታችንም መሬቱን አየን። ከበሩ እስከ ላሟ ግርግም ድረስ የረገፈ ጭድ መስመር ሰርቷል። እሱ ላይ ደግሞ እኔ ያስደፋሁት ወተት ተረጭቷል። ግሪኩም፣ አረቡም፣ ግዕዙም እዚያ በረት ውስጥ ተሰብስበዋል። አንተ ትልልቅ ትምህርት ቤት ሳትማር አልቀረህም፤ እኔ ግን ከዚያ በረት የሚበልጥ ገብቼ አላውቅም።

አባቷ ጣሳዬን ሞሉልኝ። «ነገ ተናግረህ፣ መምህርህ ምን እንዳሉህ መጥተህ ትነግረኛለህ፣ እሺ? እጠብቅሃለሁ።»

«እመጣለሁ!»

በሩ ላይ ልጅቷን ጠየቅኳት፤ «ካወቅሽው ሰኞ ለምን እጅሽን አላወጣሽም?»

የጥጃውን ጆሮ አሻሸች። «‹ወተት› ስል ሁሉም ዞር ብለው የሚያሸቱኝ ይመስለኛል» አለች። «አንተ ተናገር። የኛን ቤት ብቻ እንዳታነሳ።»

ዓርብ ሸሚዜን አጥቤ፣ ጎፈሬዬን አበጥሬ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። ሌሊቱን በቃሌ አጥንቼዋለሁ። ሐለበ ብዬ እጀምራለሁ፣ በጭዱ እጨርሳለሁ። የመምህሩን ፊት አስቀድሜ አይቼዋለሁ። አግዳሚዋ ወንበር የኔ ናት!

«እሺ፣ ባል» አሉ መምህሩ፣ ክፍሉ ሳቀ። «ሐሊብ ማለት?»

«ሐሊብ ማለት...»

ይሄኔ አፈኛው አፍንጫውን በሁለት ጣት ቆንጥጦ፣ ለሦስት ለአራት ሰው በሚሰማ ድምፅ፣ «ኧረ መስኮት ክፈቱ፤ ዛሬም ላም ላም ይሸታል» አለ። መምህሩ አልሰሙትም። እኔ ሰማሁ። እሷም ሰምታለች፤ አንገቷ ቀልቶ፣ ሁለት እጇን ዴስኩ ስር ከተተች። የሰሙት ልጆች ሳቃቸውን አፍነው ዙሪያቸውን ያያሉ። ሽታው የማን እንደሆነ ገና አላወቁም። አንድ ቃል ብቻ ነው የቀራቸው።

ያ ቃል ደግሞ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

ብልህ ልጅ ቢሆን ሌላ ዘዴ ያገኝ ነበር። እኔ የማውቀው ሥራ አንድ ብቻ ነው።

«ሐሊብ ማለት፣ ቲቸር... አጣርቻለሁ። አባቷ አይደሉም። ባሏ ናቸው። እኔ ሳላውቅ ነው የገባሁት፤ ዛሬ ፈትቻታለሁ።»

ክፍሉ ፈነዳ። ዴስክ ተደበደበ። አፈኛው ራሱ አፍንጫውን ለቅቆ ሆዱን ያዘ። ሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነበር፤ ወደ መስኮቱ ያየ አንድም ሰው የለም።

መምህሩ ግን አልሳቁም፤ ዓይናቸውም ውሃ አልሞላም። ጠመኔያቸውን አስቀመጡ። «ተስፋ ጥዬብህ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ውጣ።»

ወጣሁ። ደወሉ ተደወለ። አግዳሚዋ ወንበር ለአፈኛው ሆነች። የውድድሩ ቀን ከአዳራሹ ኋላ ቆሜ አየሁ፤ ጥያቄውን ሁሉ እሷ መለሰች፣ እሱ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ፣ አሸነፉ። እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ጌጃ ሰፈርን በተመለከተ... አልሄድኩም። ምን ብዬ? ወተት የምታመጣልን ሴትዮ ላሟ ወለደች፤ እኔም በዚያ በር ላለማለፍ በሌላ በሌላ መንገድ ስዞር ከረምኩ። ቤተሰቡ ሰፈር ለቅቆ እንደሄደ የሰማሁት ከሄዱ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ባለፈው ወር ላምጣህ። የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ፤ ተራዬን ቀማኝ ብዬ ከአንድ ጎረምሳ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ከፊቴ ያሉ፣ ትንሽ ልጅ የያዙ ሴትዮ ዞር አሉ። ሻሽ፣ ወፍራም መነጽር።

«ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ» አሉ። ቀጥለው ጮክ ብለው፣ «አንተ!»

ከጣቶቿ ነው የለየኋት። «አንቺ!» አልኩ። በዚህ ሁሉ ዘመን ንግግሬ አልተሻሻለም።

«ነይ፣ ሰላም በይው» አለች ለልጅ ልጇ። «አብሮኝ የተማረ ነው። አባቴ ላም ሲያልብ መጥቶ ባልዲውን ያስደፋው እሱ ነው!»

ደንግጬ ሰልፉን አየሁ። «ኧረ ቀስ በይ!» አልኳት በሹክሹክታ። «ሰው ይሰማል።»

«ምኑን?»

«ላሟን።»

አየችኝ፤ ከዚያ ሳቀች፣ ወደ ኋላዋ እስክትዘም። «ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ዕድሜዬን ሙሉ፣ የመጀመሪያው ቀን የምናገረው እኮ እሱን ነው፤ ‹የወተት ሻጭ ልጅ ነኝ› ብዬ። አንተ እስካሁን ደብቀህ ይዘኸው ነው?»

ደብቄ ይዤዋለሁ። ሚስቴ እንኳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሳትሰማው ነው የሄደችው።

ሳቋ ሲበርድ መነጽሯን አወለቀች። «አባቴ ግን ስንት ቀን በር በሩን እያየ ጠበቀህ። ‹ያ ልጅ ምን አሉት?› ይላል። ጥያቄውን አለመመለስህን ስነግረው፣ ‹በደንብ አላስረዳሁትም፤ ቸኩዬበታለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው› አለ። እስኪሞት አንዳንዴ ያነሳህ ነበር።» መነጽሯን መልሳ አደረገች። «እውነት ግን፣ ቃሉ እንዴት ነው የጠፋህ?»

ታክሲው መጣ። ተራ አስከባሪው «ቶሎ በሉ፣ እናት!» ይላል። ለመንገር ጊዜ አልነበረም ልልህ እችላለሁ። ነበረ። ግን የዚያን ዓርብ የቀላ አንገቷን ለዚህ ለሚስቅ ፊቷ እንዴት ልንገረው?

«ረሳሁት» አልኳት፣ በራዬን መታ መታ አድርጌ። «ይሄ ዕቃ ያኔም ያፈስ ነበር።»

«ድሮም!» አለች። ትከሻዬን መታ አድርጋኝ፣ የልጅ ልጇን አስቀድማ ገባች። ታክሲው ሲነሳ መስታወቱ ተከፈተና ሻሽ ያለው ራስ ብቅ አለ። ልደታ በሙሉ እስኪሰማ፣ ባለ በሌለ ድምፅዋ፣

«ወተት ማለት ነውኮ! ሰማህ? ወተት!»

«አሃ!» አልኳት፣ ሁለት እጄን እያውለበለብኩ፣ ገና አሁን እንደሰማ ሰው።